የእህቴ ልጅ የጌሜን የመጨረሻ ቦስ (ዋናውን ጠላት) በ40 ሰከንድ ጨረሰው፤ አስማታዊ እቃዎቼ ምን ነካቸው?

ደንገል · ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ጎበዝ። ነገሩ ወዲህ ነው።

ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ አንድ የፋንታሲ ጌም እየሠራሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብቻዬን፣ ከሥራ መልስ፣ መብራት በኖረ ቀን። ቦታው ጣና ነው። ጀግናው ከባሕር ዳር በታንኳ ተነስቶ ከደሴት ደሴት እየዞረ አስማት ያለበት እቃ ይለቅማል። መጨረሻ ላይ ጢስ ዓባይ ወርዶ ፏፏቴው ሥር ያለውን ዘንዶ ይገጥማል። ዘንዶው ላይ ብቻ ሦስት ወር ፈጅቻለሁ። ጭስ ይተፋል፣ ውኃው ውስጥ ይሰወራል፣ ላይፉ ግማሽ ሲደርስ ቆዳውን ይቀይራል።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ እኛ ጋ ሊያድር መጣ። 13 ዓመቱ ነው። ላፕቶፑን ሰጠሁት። እሁድ ከሰዓት ጓሮ ቡና እየጠጣሁ "አጎቴ፣ ይኼ ነው የመጨረሻው?" ብሎ ተጣራ። ገብቼ ሳይ ዘንዶው ተዘርሯል። ልጁ በግራ እጁ የጨበጠውን በሶ እንኳ አላስቀመጠም። ስክሪኑ እየተቀዳ ስለነበር መልሼ አየሁት። 40 ሰከንድ። ዘንዶዬ ጭሱን ሲተፋበት ልጁ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ዝም ብሎ ይወጋል።

ለብሶት የነበረው ይኼ ነው። የጉማሬ ቆዳ ጋሻ፣ ዳሜጅ (የሚደርስበትን ጉዳት) 40% ይቀንሳል። የዓሣ አጥማጅ ካባ፣ 30%። ክታብ፣ 20%። አንድ የብር ቀለበት አለ፤ ጠላትን በመታህ ቁጥር 5 ላይፍ ይመልሳል። መሣሪያው ተራ ጩቤ ነው፤ ዳሜጁ ትንሽ ነው፣ ግን በሰከንድ 4 ጊዜ ይወጋል። የጀግናው ላይፍ 500 ነው። ቦርሳው ውስጥ ደግሞ 22 ጠርሙስ ጠበል ነበረው። አንዱንም አልነካውም።

እያንዳንዱን እቃ ለብቻው ፈትሼዋለሁ። ለብቻው አንዱም አያስቸግርም። የቱ ጋ ነው የተበላሸው? ስደቡኝ፣ አልቆጣም።

ፑል_ቤት · 3፡14

ልጁን ቅጠረው። ዘንዶውን አባረው።

አምባዛ · 3፡52

ሦስቱን መቶኛ እየደመርካቸው ነው አይደል? 40 እና 30 እና 20፣ 90። እንደዛ ከሆነ ዘንዶህን የገደለው ልጁ አይደለም፣ መደመር ነው። የሂሳቡን ማለቴ ነው።

ወረቀት አምጣና አብረን እንሥራው። "ዘንዶው 100 ሲመታ ስንት ይደርሳል?" ብለህ አትጠይቅ። "ጀግናው እስኪሞት ዘንዶው በጠቅላላ ስንት መምታት አለበት?" ብለህ ጠይቅ። ምንም ካልለበሰ 500። ጋሻውን ብቻ ሲይዝ ከ100 ላይ 60 ይደርሰዋል፤ 500ን ለ0.6 ስታካፍል 833። ጋሻው 333 ጨመረለት ማለት ነው። ካባውን ሲደርብ 30 ብቻ ይደርሰዋል፤ 1,667 ሆነ። አሁን ያቺን ምስኪን ክታብ ጨምርበት። 10 ብቻ ይደርሰዋል። 5,000።

አየኸው? ትልቁ ጋሻህ 333 ሲሰጥ ትንሹ ክታብህ 3,333 ሰጠ። አሥር እጥፍ። ክታቡን አስቀድመህ ጋሻውን መጨረሻ ብታለብሰው ደግሞ ተአምረኛው ጋሻው ይሆናል። ጉዱ እቃው ላይ አይደለም፣ መጨረሻ የመጣው ላይ ነው። ለብቻ ለብቻ ስትፈትሽ ምንም ያልታየህ ለዚህ ነው። 5% የሚቀንስ ጫማ ብታክልለት ኖሮ 10,000 ይደርስ ነበር። 10% ብታክልማ ዘንዶህ እስከ ዕለተ ምጽአት ቢነክሰው አይሞትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ።

መፍትሔው ማባዛት ነው። 0.6 በ0.7 በ0.8፣ 0.336። ከ100 ላይ 33.6 ይደርሰዋል። በጠቅላላ 1,488። ጠንካራ ነው፣ ግን ዘንዶ ይፈራል።

ደንገል · 4፡05

ወይኔ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

ግን አንድ ነገር ከበደኝ። ተጫዋቹ 40፣ 30፣ 20 የሚል ለብሶ ጠቅላላው ላይ 66.4 ሲያይ "የቀረችው የት ገባች?" አይለኝም? የእህቴ ልጅ በእርግጠኝነት ይላል። ሱቅ ሲላክ መልሱን ሁለቴ የሚቆጥር ልጅ ነው።

አምባዛ · 4፡20

ይላል። ስለዚህ መቶኛ አታሳየው። ነጥብ ስጠው።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባለው ጌም እንዲህ ነው የሚሠራው። 100 የመከላከያ ነጥብ ካለህ ዳሜጁ በግማሽ ይቀንሳል። 200 ካለህ ሢሶው ብቻ ይደርስሃል። 300 ካለህ ሩቡ። መቶኛውን ብቻ ካየኸው እየደከመ የሚሄድ ይመስላል። ቅድም ባሰላነው መንገድ ስታየው ግን እያንዳንዱ 100 ነጥብ ለጀግናህ እኩል 500 ነው የሚጨምርለት። የፊቱም የኋላውም አይበላለጥም። ተጫዋቹ ነጥብ ይደምራል፣ ደስ ይለዋል፣ ጣጣው ከውስጥ ይቀራል።

ጣራ ማበጀትም አለ። ስካይሪም የሚባለው ጌም ላይ የጦር ልብስህ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከ80% በላይ አይቀንስልህም። እኔ ጣራ አልወድም። ጣራው ላይ ከደረስክ በኋላ የምታገኘው ጋሻ ሁሉ የድስት ክዳን ነው።

ማን_አለብኝ · ረቡዕ ጠዋት 1፡30

አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ጌም ላይ ይኼ ሁሉ ባላንስ ባላንስ ለምኑ ነው? ማንን በደለ?

በፈረንጆቹ 2002 የወጣው ሞሮዊንድ የሚባል ጌም ላይ ብልህነት የሚጨምር መድኃኒት ትቀምማለህ። ብልህነትህ ሲጨምር የሚቀጥለው መድኃኒት ይበረታል። እሱን ጠጥተህ ሌላ ትቀምማለህ። በመጨረሻ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ አልበቃ ይላል። እስከ ዛሬ ሰው በፍቅር ነው የሚያወራው። ስካይሪም ላይ አራት ልብስህ ላይ የአስማት ወጪን 25% የሚቀንስ ድግምት ታሳርፋለህ፣ አስማቱ ነፃ ይሆናል። ማንም አላለቀሰም። ልጁ ደስ ብሎታል፣ ተወው አቦ።

የዘጌ_ቡና · 2፡15

ወንድሜ፣ ልጁ ደስ ብሎታል ያለህ ማነው? "ይኼ ነው የመጨረሻው?" ነው ያለው። ወንድሞቼ ሲጫወቱ እያየሁ ነው ያደግሁት። ያቺ ጥያቄ የደስታ አይደለችም።

ሞሮዊንድ ላይ ያልከውን ሰውየው ራሱ ፈልፍሎ ነው ያገኘው። ሌሊቱን ሲቀምም አድሮ ጌሙን በብልጠት ረታው። ይኼ ልጅ ግን ምንም አልፈለፈለም። መንገድ ላይ ያገኘውን ለበሰ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ አለቀ። ከድስቱ ሰርቀህ የበላኸው ቁራጭ ሥጋና ሳይርብህ ያጎረሱህ አንድ ናቸው?

ማን_አለብኝ · 2፡31

እሺ ይቺ ገባችኝ። ግን ጣራ ካበጀ አልጫወተውም።

ቆረሶ · ረቡዕ ማታ 2፡40

ሁላችሁም ጋሻ ጋሻ ትላላችሁ፣ ሌባው ቀለበቱ ነው።

"በመታህ ቁጥር" የሚል ነገር እቃ ላይ ስትጽፍ እጅህ ይንቀጥቀጥ። እንዲህ ያለ እቃ ጉልበቱን የሚያገኘው ከመሣሪያው ፍጥነት ነው። ጩቤው በሰከንድ 4 ጊዜ ይወጋል፣ 20 ላይፍ። መጥረቢያ በሰከንድ አንዴ ቢመታ 5 ነው። ስለዚህ ቀለበቱን ያገኘ ሁሉ መጥረቢያውን ይጥላል። አንድ ቀለበት ሠርተህ ግማሹን የጦር መሣሪያ አመድ አደረግኸው።

ትልልቆቹም ወድቀውበታል። በፈረንጆቹ 1994 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 6 ላይ በአንድ ተራ አራት ጊዜ የሚያስመታ ጌጥ አለ። ሁለት ሰይፍ የሚያስይዝ ጓንት ደግሞ አለ። ሁለቱን ስታጋጥማቸው ስምንት ምት። ሠሪዎቹም ጠርጥረው ነበር፣ አራት የሚያስመታው የእያንዳንዱን ምት ዳሜጅ በግማሽ ይቀንሳል። እንደዛም ሆኖ ቦስ አላስተረፈም።

አሁን ከአምባዛ ሂሳብ ጋር ግጠመው። ዳሜጅ 90% ሲቀንስ ያቺ 20 ላይፍ የዘንዶውን 200 ዳሜጅ በየሰከንዱ ትሽራለች። ዘንዶህ በሰከንድ ስንት ይመታል?

ደንገል · 2፡44

150 ገደማ።

ቆረሶ · 2፡46

በቃ። ዘንዶው ልጁን እያሸው ነበር እንጂ እየነከሰው አልነበረም።

ልጁ ያልሸሸው ፈሪ ስላልሆነ አይደለም፣ መሸሽ ስለማያስፈልገው ነው። የማይሸሽ ሰው ደግሞ እጁ አያርፍም። መከላከያህ ሄዶ ሄዶ ማጥቂያ የሆነው በዚህ ነው። ብታባዛው ኖሮ 150ው ወደ 50 ይወርዳል፣ ቀለበቱ 20 ይመልስለታል፣ በየሰከንዱ 30 ይጎድልበታል። ሳይሸሽ ከቆመ በ16 ሰከንድ ይሞታል።

ቀለበቱን ወይ "ካደረስከው ዳሜጅ ይህን ያህል መቶኛ" አድርገው፣ ወይ በሰከንድ ከአንዴ በላይ አይሥራ በለው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ባለጩቤውም ባለመጥረቢያውም እኩል ይበላሉ።

የዘጌ_ቡና · ሐሙስ ማታ 1፡50

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ክታብ፣ 20%። ይኸው ብቻ? ያንን ስም ለአንድ ቁጥር ሰጠኸው?

አያቴ ደብተራ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ክታብ ሲሠሩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ የሰውየውን ቁመት ይለካሉ። ብራናው የሚቆረጠው በዛ ልክ ነው። አንድ ቁራጭ ስለማይበቃ ሁለት ሦስቱን ይሰፉታል። ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ የባለቤቱ ስም ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሌላ ያነሳሉ፣ ስሙ በቀይ ይገባል። ዓይናቸው የፈጠጠ ጠልሰሞች ይሣሉበታል። ያ ዓይን ማታ ማታ በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር። ከዚያ ይጠቀለልና በቆዳ ይለበዳል።

ሐሳቡ ምን መሰላችሁ፦ በቁመትህ ልክ የተጻፈ ክታብ ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይጠብቅሃል። የኔን ክታብ አንተ ብታንጠለጥለው ምንም አይፈይድልህም። ስሙም የኔ ነው፣ ቁመቱም የኔ ነው።

አሁን ይኼን ወደ ጌሙ አምጡት። ቁመት ሌቨል ይሁን። ሌቨል 10 ላይ ያጻፍከው ክታብ 14 ስትደርስ ያጥርሃል። እግርህ ውጭ ይቀራል። ፍየል መግዛት አለብህ፣ ቆዳውን ማስፋቅ አለብህ፣ ጸሐፊው ያለበት ደሴት በታንኳ መሻገር አለብህ። መሸጥ የለም፣ ማዋስ የለም።

አምባዛ · 2፡05

እህቴ፣ ይኼ በአንድ እቃ ሦስት ፓች (ማስተካከያ) ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ 5ኛው እትም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ከባድ ከባዱን እቃ መጀመሪያ ከራስህ ጋር ማዋሃድ ይኖርብሃል። በአንዴ ከሦስት አይበልጥም። የእቃ መደራረብን የያዙት በዚች ቁጥር ነው። ከዚያ ጨዋታ የተቀዳው የኮምፒውተር ጌም፣ ባልዱርስ ጌት 3፣ ግን ያንን ሕግ ትቶታል፤ ያገኘኸውን ሁሉ መደራረብ ነው። ለኔ ያንቺው ይሻላል። "ሦስት ብቻ" የሚል ሕግ ተጫዋቹ ለምን እንደሆነ አይገባውም። "አጠረህ" የሚለው ግን ለማንም ይገባዋል።

ቆረሶ · 2፡30

መሸጥ የለም ያለችውን አትዝለሏት።

በፈረንጆቹ 2000 የወጣውን ዲያብሎ 2 በተቀዳ ሲዲ ነው የተጫወትነው። (እናቴ ስሙን ስትሰማ ሲዲውን ዱቄት እቃ ውስጥ ደብቃብኝ ነበር።) እዛ ጌም ላይ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ሰዎች ወርቁን ንቀውት በአንድ ቀለበት ይገበያዩ ነበር። የዮርዳኖስ ድንጋይ ይሏታል። ትንሽ ናት፣ ቦታ አትፈጅም፣ ሁሉም ይፈልጋታል። አሞሌ ጨው በሏት። ልዩነቱ አሞሌ ሲላስ ያልቃል፤ ቀለበቷን ግን አጭበርባሪዎች ያባዟት ገቡ። የሰው ልፋት በአንድ ሌሊት ረከሰ።

ከዛ በፈረንጆቹ 2012 ላይ ዲያብሎ 3 በእውነተኛ ገንዘብ የሚገበያዩበት ጨረታ ቤት ይዞ መጣ። ጎበዝ የሆነ አይገድልም፣ ይገዛል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ጭራቅ ገድሎ እቃ የማግኘቱን ነገር አበላሸብን ብለው በፈረንጆቹ መጋቢት 2014 ላይ ዘጉት።

አስማታዊ እቃ ገበያ ከወጣ አስማቱ አለቀ። ስም የተጻፈበት ክታብ ግን ገበያ አይወጣም።

ጋሽ_ብራና · ዓርብ ጠዋት 3፡00

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ጌም አልጫወትም፤ ይኼን ያሳየኝ ልጄ ነው። ስለ ክታብ ልጅቷ የጻፈችው ልክ ነው። አያቷን ነፍስ ይማር።

አንድ ነገር ግን ልለምን። ደንገል የተባልከው ልጄ፣ 22 ጠርሙስ ጠበል ብለሃል። ጠበልን ቦርሳ ውስጥ እየቆጠርክ አታስይዘው። ለኛ እምነት ነው። ክታቡም ላይ ቢሆን የጸሎቱን ቃል አታግባበት፤ ስሙ ብቻ ይበቃል።

በምትኩ ሣር ቅጠሉ ሞልቶልሃል። ምች ሲመታህ ዳማ ከሴ አለ። ትኩሱን ነው ግን። ቆርጠህ፣ በእጅህ አሽተህ፣ እዚያው። ለነገ ብለህ ኪስህ ከከተትከው ይጠወልጋል።

አስማት ካሻችሁ ደግሞ አብሾ አለላችሁ። ዋሸራ ቅኔ ልቆጥር በሄድኩበት ዘመን ወሬው እሱ ነበር። አብሾ የጠጣ የሰማውን አይረሳም፣ ቅኔ በአንዴ ይገለጥለታል ይባላል። ዋጋው ግን በማግስቱ አይመጣም። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ጠላ ወይ አረቄ የቀመሰ ዕለት ይነሳበታል። አብሮን ከነበሩት አንዱን ጠጥቷል እያሉ ያሙት ነበር። መጠጣቱን እግዜር ይወቅ። እኛ ዓመት የለፋንበትን ቅኔ እሱ ሳይቆይ ይዘርፈው ጀመር። አንድ የጥምቀት ዕለት ጠላ ቀመሰ። በመጨረሻ ያየሁት ጋቢውን ጥሎ በእርሻው መሃል ሲሮጥ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ደንገል · 3፡20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠበሉን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። ቅር አሰኝቼዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቆረሶ · 3፡48

ጋሼ ጌም አልጫወትም ብለው ከሁላችንም የተሻለ ነደፉ።

ያቺን ዳማ ከሴ ልብ በሏት። ደንገል፣ የእህትህ ልጅ 22 ጠርሙሱን ያልነካው ስላላስፈለገው ብቻ አይመስለኝም። ሁላችንም እንዲህ ነን። ውድ መድኃኒት ስናገኝ "ለክፉ ቀን" እያልን እናስቀምጣለን፣ ክፉው ቀን ሳይመጣ ጌሙ ያልቃል። ስንት ጌም ቦርሳዬ በመድኃኒት እንደታጨቀ ጨርሻለሁ። በፈረንጆቹ 2011 የወጣው ዳርክ ሶልስ ይኼን የፈታው በሚሞላ ጠርሙስ ነው። እሳቱ ጋ አረፍ ስትል ይሞላልሃል፣ ስለዚህ አትሰስትም። ዊቸር 3ም ተቀምጠህ ስታሰላስል ጠንካራ መጠጥ ይዘህ ከሆነ መድኃኒቱን ይሞላልሃል። ጋሼ በሌላ በር ገቡ። የሚጠወልግ ከሆነ ማን ያስቀምጠዋል?

ማን_አለብኝ · 4፡02

እኔ ግን በእጄ ላይ የሚበላሽ እቃ ያቃጥለኛል። ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ላይ ምርጥ ሰይፌ መሃል ጦርነት ላይ ሲሰበር ኮንትሮለሬን ልወረውረው ነበር።

ቆረሶ · 4፡10

አውቃለሁ። ግን እዛም ጌም ላይ ዋናው ሰይፍ ጨርሶ አይሰበርም፤ ጉልበቱ ሲያልቅ 10 ደቂቃ አርፎ ይመለሳል። ዳማ ከሴውም ሲጠወልግ አይጥፋ። ደርቆ በግማሽ ይሥራ። ትኩሱ ላይ የሰሰተ ደረቁን ይታጠናል።

የዘጌ_ቡና · ዓርብ ማታ 2፡20

አብሾው ላይ ማንም ያልተነፈሰው ለምንድነው? ለኔ ከሁሉም የበለጠችው እሷ ናት።

ጥቅም ከጉዳት ጋር ያለው እቃ ሞልቷል። ኤልደን ሪንግ ላይ አንድ ማኅተም አለ፤ አራት ስታትህን (የጀግናህን የችሎታ ቁጥሮች) አምስት አምስት ይጨምርና የሚደርስብህን ዳሜጅ 15% ከፍ ያደርጋል። ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ያሰላል። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም፣ በቃ። ቁጥር ሰጥተህ ቁጥር ከወሰድክ ተጫዋቹን ነጋዴ ነው የምታደርገው።

ሞሮዊንድ ላይ ግን ፍጥነትህን 200 የሚጨምር ጫማ አለ። ስታጠልቀው ዓይንህ ይጠፋል። ከዚህ ጋር ምን ታሰላለህ? ፍጥነት ሰጥቶ ብርሃን ነው የወሰደው። እዛው ጌም ላይ አንድ ጠንቋይ ከሰማይ ጮሆ ይወድቅና እግርህ ሥር ይፈጠፈጣል። ኪሱ ውስጥ የዝላይ ድግምት የተጻፈበት ጥቅልል ሦስት ታገኛለህ። ታነበዋለህ፣ ደመና ላይ ትወጣለህ። ድግምቱ ግን የሚቆየው 7 ሰከንድ ነው። ማረፊያው ላይ ሰውየው ለምን እንደሞተ ይገባሃል።

አብሾም እንዲህ ነው። እውቀት ሰጥቶ ጠላ ይወስድብሃል።

ማን_አለብኝ · 2፡26

ጠላ ካልጠጣሁስ? ዋጋው የታለ? ጀግናዬ አይጠጣም፣ አለቀ።

የዘጌ_ቡና · 2፡33

አንተ የየት አገር ሰው ነህ? ጎጃም ውስጥ ሰው ቤት ገብተህ ጠላ እምቢ ብለህ ልትወጣ?

ደንገል ጌም ውስጥ በየደሴቱ ሰው ቤት ይገባል አይደል? ይቀዱለታል። እምቢ ካለ ባለቤቷ ታዝናለች። ፍየሉን አትሸጥለትም፣ ታንኳውን አታከራየውም፣ ዘንዶው የትኛው ዋሻ እንደገባ አትነግረውም። ከጠጣ ደግሞ ያብዳል፤ ስክሪኑ ይገለበጣል፣ ወዳጁን ይወጋል። አሁን አስላው።

ማን_አለብኝ · 2፡35

ተሸንፌያለሁ። ይሠራ።

ደንገል · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ 1፡15

ጎበዝ፣ ተመለስኩ። አምስት ቀን መብራት አስቸግሮን ነበር እንጂ ቀደም እል ነበር።

መቶኛ የሚባል ነገር ከስክሪኑ አጥፍቻለሁ። ጋሻው 60 ነጥብ ነው፣ ካባው 40። ቀለበቱ በሰከንድ አንዴ ብቻ። ጠበል ወጥቶ ዳማ ከሴ ገባ፤ ዘጌ ላይ ከቡናው ሥር ይለቀማል፣ ሦስት ደሴት ሳትሻገር ይጠወልጋል። አብሾውን ጀምሬዋለሁ፣ ግን ጠላ የምትቀዳዋን ሴትዮ ፊት ማኩረፍ ማስተማር አቅቶኛል። ስታዝንም ፈገግ እንዳለች ነው።

ልጁ ትናንት መጣ። በሶ ሲያቀርቡለት "ቆይ" አለ፤ እዚህ ላይ ልቤ ደስ አላት። ስድስት ጊዜ ሞተ። ሁለት ጊዜ ላፕቶፑን ዘግቶ ወጣና ተመለሰ። በሰባተኛው ዘንዶውን ገደለው፣ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ጭሱ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጎንበስ ይል ነበር።

አንድ ቅሬታ ግን አለው። ዘንዶው ደጃፍ ላይ ሌቨል ጨመረና ክታቡ አጠረው። ዘንዶው እግሩን ያዘው። "አጎቴ፣ ማደግ ቅጣት ነው እንዴ?" አለኝ። መልስ አጣሁለት።

የዘጌ_ቡና · 1፡28

ልጁ እውነቱን ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ክታቡን እንዳለ እንዲጥለው አታድርግ። ቁራጭ ይቀጥልበት። አያቴም ቁራጭ በቁራጭ ነበር የሚሰፉት ብያችሁ የለ? ሌቨል ሲጨምር አንዲት ጣት የምታህል ብራና ከሥር ይስፋ። ዋናውን ጸሐፊ ጋ የሚሄደው አምስት ሌቨል ሲያልፈው ብቻ ይሁን።

ደንገል · 1፡33

ተስማማሁ። ዛሬ ማታ እሰፋዋለሁ።

ስሙንም እንዳላችሁት በቀይ አድርጌዋለሁ፣ ጋሼ እንዳሉት ያለ ጸሎት፣ ስሙ ብቻ። ክታቡ ሲዘረጋ ብራናው ላይ ቀስ እያለ ይጻፋል። ሦስት ቀን ደክሜበታለሁ። ልጁ ጌሙን ሲጀምር የጀግናውን ስም ምን ብሎ እንዳስገባ ግን ልብ አላልኩም ነበር። ያ ሁሉ ጠልሰም፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ መሃሉ ላይ በቀይ ቀለም፦ "ፓስታ"።

ጋሽ_ብራና · 2፡10

ለፓስታ ከሆነማ ልጄ፣ ብራናውን ረዘም አድርገህ ቁረጠው።